አህያ ለድምፅ እግር ሲያበጅ

ድሮ፣ ውሸት ገና ጥርስ ሳታበቅል፣ እውነትም ገና ሳትሸብት፣ ስሟ ከአፍ በጠፋ በአንዲት አገር አንድ አህያ ነበር። ድሮ ማለታችን ግን ሶላር ከገባ በኋላ ነው። ይህ አህያ ለአንድ ነጋዴ ሸክም ሲያመላልስ ከርሞ፣ በድካሙ ዋጋ አንድ ቴፕ ከነሁለት ስፒከሩ ይዞ ቤቱ ገባ። ስፒከሮቹ እያንዳንዳቸው የጥጃ ራስ ያክላሉ። ሲጮኹማ ተራራው ጆሮውን ይይዛል።

አህያ ስፒከሮቹን መሬት ላይ አስቀምጦ ፀሐይ ከወጣች እስክትጠልቅ ያስጮኻቸው ጀመር። ሚስቱ እመት አህይት ዘፈን አትጠላም። እሷ የምታስበው ዶሮዎቿን ነው። የቤቱ ጨው፣ የቤቱ ዘይት፣ የቤቱ ሳሙና የሚመጣው ከእነሱ እንቁላል ነው፤ ዶሮዎቹ አለቁ ማለት ቤቱ አለቀ ማለት ነው። ስለዚህ ጓሮ ሲጭሩ በጆሮዋ ትጠብቃቸዋለች። አንዷ ከጮኸች እመት አህይት ከነእርግጫዋ ደረሰች። አቶ ቀበሮ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል፤ የጎድን አጥንቱ ይመስክር።

አንድ ቀን አቶ ቀበሮ በአጥሩ ሥር ሲያልፍ ዘፈን ሰማ። ቆም ብሎ ሲያዳምጥ ግን ከዘፈኑ ይልቅ ዘፈኑ የዋጠውን ነገር አስተዋለ፤ ዶሮዎቹ እህል ሲሻሙ ይንጫጫሉ፣ ጩኸታቸው ግን ጓሮውን እንኳ አያልፍም። ቀበሮ ጭራውን አበጠረና በፊት ለፊት በር፣ እንደ ጨዋ እንግዳ፣ ገባ። ስፒከሩ ላይ ጆሮውን ደግኖ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በረጅሙ ተነፈሰ።

አህያ ደነገጠ። «ምነው አቶ ቀበሮ፣ ዘመድ ሞተብህ እንዴ?»

«ድምፁ ነው የሞተው፣ ጌታዬ። መሬት ላይ ተዘርሮ እንዴት ይጥራ? እግር ይፈልጋል፤ የእንጨት እግር። ለሌላ ቢሆን አልናገርም ነበር። እርስዎ ግን እንዲህ ያለ ጆሮ ተሸክመው…»

አህያ ጆሮውን ዳሰስ ዳሰስ አደረገ። ዕድሜ ልኩን በዚያ ጆሮ ሲሰደብ ኖሯል፤ ሲመሰገንበት ያን ቀን የመጀመሪያው ነው። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ወዲያው መጋዝ ሊዋስ ወጣ።

የደረቀ እንጨት ይሻላል ቢባል፣ በቤቱ ውስጥ ከአልጋው የበለጠ የደረቀ አላገኘም። አልጋውን ፈትቶ ቆረጠ። አንዱ ማቆሚያ ረዘመ፤ ረጅሙን ቢቆርጥ ሌላኛው ረዘመ፤ ያንን ቢቆርጥ ደግሞ ይኼኛው። እኩል ሲሆኑ ሁለቱም ከዶሮ ጉልበት አላለፉም። ቢሆንም ሚስማር መታባቸው፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ አለሰለሳቸው፣ ስፒከሮቹን ሰቀለባቸውና ጎረቤቶቹን በጎች ጠርቶ ደረቱን ነፋ።

«አሁን ከፍ ያድርጉት» አለ ቀበሮ። «እኔ ከጓሮ ሆኜ ልስማው። የድምፅ ነገር የሚለየው ከጓሮ ነው።»

ሄዶ ቆየ። ሲመለስ አፉን እየጠረገ ነበር። «ደህና ነው፤ ግን ገና አልጠራም። የአልጋ እንጨት ስለሆነ ድምፁን እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል።»

አንድ የዋህ በግ ለእሱ ያው እንደ ትናንቱ እንደተሰማው ተናገረ። ቀበሮ በሐዘኔታ አየውና፣ ምን ታደርግ፣ ጆሮ ያለው ሁሉ አይሰማም አለው። ከዚያ ወዲያ ጆሮ አልባ መባል የፈለገ በግ አልተገኘም። ድምፁ በእርግጥ ያንቀላፋል አሉ። አንዷማ አዛጋች።

ማታ ገብስማዋ ዶሮ ጠፋች። እመት አህይት ብትናገር፣ አህያ ባዶ መሬት ላይ ተጋድሞ፣ ዶሮ ሄዳ ትመጣለች፣ ያንቀላፋ ድምፅ ነው የሚያሳስበው አላት።

በማግስቱ በሩን ገንጥሎ ሌላ ማቆሚያ ሠራ። ቀበሮ ከጓሮ ሰምቶ፣ አፉን ጠርጎ ተመለሰ። ደህና ነው፤ ግን ገና አልጠራም። የበር እንጨት ልማዱ ነውና ድምፁ ይወጣል፣ ይገባል፣ ይወጣል፣ ይገባል። በጎቹም እውነት ነው፣ ንፋስ መታን እያሉ ተንቀጠቀጡ። ዛጎልማዋ ዶሮ ጠፋች።

ቀጥሎ ዶሮዎቹ የሚያድሩበትን ቆጥ አፈረሰ። ቀበሮ ከጓሮ ሰምቶ፣ አፉን ጠርጎ ተመለሰ። ደህና ነው፤ ግን ገና አልጠራም። ድምፁ ዶሮ ዶሮ ይላል። በበኩሉ እውነቱን ነበር። ወሰራዋ ዶሮም ጠፋች፤ አንዲት እንቁላል ጣይና አውራው ብቻ ቀሩ።

ይኼን ጊዜ እመት አህይት ቴፑን በአፏ ነክሳ አጠፋችው። «አንተ ሰውዬ፣ ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም። ዘፈኑ ያው ነው፤ የሚጎድለው ዶሮዬ ነው።»

«ይሄ ወጥ አይደለም። አንቺ ምን ታውቂያለሽ?»

«እኔስ አህያ አይደለሁ? ጆሮዬ ካንተ አያጥርም። ያ ቀበሮ ከጓሮ የሚሰማውን እዚህ ቆሞ የማይሰማው ለምንድን ነው?»

አህያ ማሰብ ጀመረ። ሐሳቡ ከሁለት ኩንታል ጤፍ ይልቅ ከበደው፤ ላበው። አንድ ነገር ሊገባው ትንሽ ሲቀረው ቀበሮ፣ በር የለምና፣ ሰተት ብሎ ገባ።

«ጌታዬ፣ ሌሊቱን ስለእርስዎ ሳስብ አደርኩ። ተኝቶ የኖረ እንጨት፣ ሲወዛወዝ የኖረ እንጨት፣ ዶሮ ያረፈበት እንጨት እንዴት ብሎ መቆም ይችላል? ዕድሜውን ሙሉ የቆመ እንጨት ነው የሚፈለገው።» ይህን ብሎ የቤቱን ምሰሶ ሽቅብ አየ።

አህያም አየ። ሊገባው የነበረው ነገር ብን ብሎ ጠፋ። በጎቹን በደቦ ጠርቶ ምሰሶውን አስነቀለና በቦታው አንድ ሸምበቆ አቆመ። ጣራው ለትንሽ ጊዜ ከይሉኝታ የተነሳ ቆየ። እመት አህይት ማሰሮዋንና እንስራዋን ወደ ደጅ ማውጣት ያዘች። በጎቹም ይህን አይተው፣ ድምፁን ከሩቅ ብንሰማው ይሻላል ብለው አጥር ተሻገሩ።

ማቆሚያዎቹ በእውነት አማሩ፤ እኩል፣ ረጃጅም፣ ወገባቸው የሙሽራ ሚዜ የመሰለ። ቀበሮ ወደ ጓሮ ሲሄድ፣ ዛሬስ እስከ መጨረሻው ከፍ ያድርጉት አለ። አህያ እስከ መጨረሻው ከፍ አደረገው። ከበሮው ድም ሲል ግድግዳው ተንቀጠቀጠ፤ ደግሞ ድም ሲል ሸምበቆው ቀጭ አለ፤ ጣራው ከነክዳኑ ተከነበለ።

ዘፈኑ ጸጥ አለ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ የአውራ ዶሮ እሪታ ከጓሮ ተሰማ፤ አገር የሚያህል እሪታ። እመት አህይት ዞራ ስትደርስ አቶ ቀበሮ ወገቡ ከጣራው ጠርዝ ሥር ተቀርቅሯል፤ አፉ ውስጥ የአውራው ጭራ አለ፤ አውራው ራሱ አጥሩ ላይ ቆሞ ይራገማል።

የአህያ ራስም ከሣር ክዳኑ መሐል ብቅ አለ። ጆሮው ላይ ጭራሮ፣ አንገቱ ላይ የስፒከር ሽቦ ተጠምጥሟል። ቀበሮን አየ፤ ላባውን አየ፤ የፈረሰውን ቤቱን አየ።

«እና አቶ ቀበሮ፣» አለ በትሕትና፣ «እንዴት ነበር? ጠራ?»

«ጠራ፣ ጌታዬ» አለ ቀበሮ ላባውን ተፍቶ።

እመት አህይት ጀርባዋን ሰጠችው። አህያ ጀርባዋን ስትሰጥ አኮረፈች ብሎ የሚያስብ ሞኝ ነው። ቀበሮ ከጣራው ሥር ወጥቶ፣ አጥሩን ተሻግሮ፣ ወንዙንም ተሻግሮ አረፈ ይባላል፤ ጥርሶቹ ግን አብረውት አልሄዱም። ከዚያ ወዲህ ዶሮ ሲያይ አጥሚት ነው የሚመኘው።

ባልና ሚስቱ ከሁለቱ ዶሮዎቻቸው ጋር ክረምቱን በበጎቹ በረት ከረሙ። እመት አህይት እንቁላል እያሳቀፈች ጫጩት ታስፈለፍላለች። አህያ ዝናቡ በጀርባው ላይ እየወረደ ለበጎቹ ያወራል፤ ያ የመጨረሻው ድምፅ፣ ጣራው ሳይመጣ በፊት፣ ምን ዓይነት ድምፅ ነበር እያለ። በጎቹም አዎ፣ እኛም ሰምተነዋል ይላሉ።

ለዚህ ነው ሽማግሌዎች፣ «ለጩኸት እግር ያበጀ፣ ቤቱን በእጁ ፈጀ» የሚሉት።