ጃርት የሠራችው ክራር

አንድ ጊዜ፣ ከከተማ ወጣ ብሎ ካለ ቆሻሻ መጣያ አጠገብ በሚገኝ ጫካ ውስጥ፣ አያ ጅቦ የሚባል ዘፋኝና እመት ቀበሮ የምትባል ከበሮ መቺ ይኖሩ ነበር። አውሬዎቹ ድግስ በደገሱ ቁጥር የሚጠሩት እነሱ ናቸው። ጅቦ ያላዝናል፣ ቀበሮ ትደልቃለች፤ ሲያበቁ ሥጋ ይካፈላሉ። ሌላ የሚጫወት ስለሌለ ሁሉም ይህንኑ ዘፈን ብሎ ያጨበጭብ ነበር።

በዚያው ጫካ አንዲት ዝምተኛ ጃርት ነበረች። ከመጣያው ባዶ የዘይት ቆርቆሮ ለቀመች፤ እንጨት ሰካችበት፤ የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ፈትታ ክር አድርጋ ወጠረችው። ከተሰበረ ድምፅ ማጉያ ማግኔት አወጣች፤ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ጠመጠመችበትና ከክሮቹ ሥር አስቀመጠችው። የሽቦውን ጫፍ፣ ጣቢያ መያዝ ካቆመ አሮጌ ራዲዮ ጋር አገናኘች። የተጣሉ የባትሪ ድንጋዮችን ፀሐይ አሙቃ ከተተችበት። ከዚያ ከጀርባዋ አንድ እሾህ ነቅላ ክሩን ነካችው።

ዜማው በራዲዮው ወጥቶ ወንዝ ተሻገረ። ሚዳቋ ግጦሿን ትታ መጣች፤ ዝንጀሮ ከገደል ወረደ። አንበሳም ሰምቶ፣ «ልጄን ስድር ይህች ጃርት ትጫወትልኝ» አለ።

ወሬው ሲደርሰው የጅቦ ሆድ ነደደ። ጆሮውን በአፈር ቢደፍንም ዜማው አልቀረለትም። ከሁሉ የባሰበት ደግሞ ማማሩን ማወቁ ነበር።

«እመት ቀበሮ፣ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ዘፍኜ ዛሬ በቆርቆሮ ልለወጥ?»

ቀበሮንም ቅናት ሲያንገበግባት ሰንብቷል፤ እሷ ግን በገዛ እጇ መንካት አትወድም። «እኔ ምን አቅም አለኝ» አለች ቀስ ብላ። «መንጋጋ ያለህ አንተ። ደግሞ ዜማው ያለው ቆርቆሮው ሆድ ውስጥ ነው አሉ። የዋጠው ድምፁ እንደዚያ ያምራል።»

«ማን አለ?»

«የሚያውቁ ናቸዋ።»

ለጅቦ ይህ በቂ ነበር። ጃርት ውሃ ልትጠጣ ስትወርድ ጠብቆ ከቤቷ ገባ። ቆርቆሮውን ቀረጠፈ፣ ሽቦውን በጣጠሰ፣ ራዲዮውን ረጋገጠ። የቻለውን ያህል ውጦ ወጣና ለመዝፈን ሞከረ። የወጣው ያው የድሮ ድምፁ ነው፤ ቆርቆሮው ጉሮሮውን ስለቧጨረው እንዲያውም ሻክሯል።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ጃርት ወደ ጅቦ ዋሻ መጣች። ቀበሮም እዚያው ተቀምጣ ነበር።

«አያ ጅቦ፣ ክራሬን ሰባበሩብኝ» አለች ጃርት። «ማን እንደሆነ አላውቅም። የመጣሁት ይቅርታ ልላችሁ ነው።»

«እኛን? ስለምን?»

«ለሠርጉ አንተ እንድትዘፍን፣ እመት ቀበሮም ከበሮ እንድትመታ ከአንበሳ ጋር ተስማምቼ ነበር። ክራር ብቻውን ዳስ አይሞላም፤ የጅቦ ድምፅ በዚህ ራዲዮ ቢወጣ ተራራው ሁሉ ይሰማዋል አልኩት። እሱም ለሦስታችን አንድ ሰንጋ እጥላለሁ ብሎ ነበር። ዛሬ ልነግራችሁ ስል ይኸው ቀረ።»

ጅቦ ሊመልስ አፉን ከፈተ። ጥርሱ መሃል የተንጠለጠለው የመዳብ ሽቦ አብረቀረቀ። ጃርት ሽቦውን አየች፤ ፊቱንም አየች።

«እኔ የለሁበትም» ብላ ቀበሮ ተነሣች።

«ዋጠው ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ?» አለ ጅቦ።

ሠርጉ ያለ ሙዚቃ አለፈ፤ አንበሳም ነገሩን ሰምቶ ሁለቱም ወደ ዳሱ እንዳይቀርቡ ከለከለ። ጃርት ወደ መጣያው ተመልሳ ሌላ ቆርቆሮ ትፈልግ ጀመር። ክረምት ሳይገባ አዲስ ክራር ተሰማ፤ አጠገቧ ሆኖ የሚዘፍነው ግን ዝንጀሮ ነበር። ጅቦ ከዋሻው ሆኖ ያዳምጣል። አሁን የሚቀናው የራሱ ሊሆን በነበረው ቦታ ነው።

ከዚህ የምንማረው፣ ቀናተኛ የሌላውን ሲያፈርስ በውስጡ ያለውን የራሱን ድርሻም አብሮ እንደሚያፈርስ ነው።