ገባኝ ባይዋ ጦጢት

ልጆች፣ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ አንተም ትልቁ፣ ጆሮህን ወዲህ አምጣ። ድሮ ድሮ፣ ስሙን እኔም በማላውቀው አገር አንዲት ጦጢት ነበረች። በዚያ ጫካ አሮጊቷ እሜቴ ኤሊት ይኖሩ ነበር። መድኃኒቱን በሉት፣ የዝናቡን ምልክት በሉት፣ የሽምግልናውን ወግ በሉት፣ እሜቴ ኤሊት የማያውቁት አልነበረም። ጦጢትም "እንደ እሜቴ ካልሆንኩ ሞቼ እገኛለሁ!" ትል ነበር።

"ልጄ፣" አሏት እሜቴ፣ "በእኔ ጊዜ ጫካው ትንሽ ነበር፤ ያለው እውቀት ሁሉ አንድ ጭንቅላት ውስጥ ይገባ ነበር። ዛሬ ጫካው ሰፋ። ጃርት ስለ አፈር ብቻ ሲያወራ ይመሽበታል። እንዴት ትችይዋለሽ?"

"እችላለኋ!" አለችና ጅራቷን ሰቅላ ሄደች።

ጎጆ ሠሪዋን ወፍ "ቋጠሮ አስተምሪኝ" አለቻት። ወፊቱ ሣሩን አንዴ ስታዞረው፣ "ገባኝ ገባኝ!" ብላ እብስ አለች። አያ ጃርት ዘንድ ሄደች። እሱም "ቀይ አፈር ሲነኩት ይናዳል፣ ጥቁሩ ግን..." ብሎ ሳይጨርስ፣ "ገባኝ ገባኝ!" ብላ እብስ አለች። ምን ታደርጓታላችሁ? ጆሮዋ ፈጣን፣ እግሯ ደግሞ ከጆሮዋ የባሰ።

አንድ ቀን የሚዳቋ ግልገል ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ወደቀ። እናቱ አፋፉ ላይ ቆማ "ልጄን! ኧረ ልጄን!" ትላለች። ጦጢት ከዛፍ ዱብ አለች።

"አይዞሽ፣ እኔ እያለሁ! ቋጠሮ እንደሆነ አውቃለሁ።"

ሣር ገመደች፤ ወርዳ የግልገሉን ወገብ አሰረች፤ ወጥታ ሳበች። ግልገሉ አፋፉ ጋ ሊደርስ ሲል ቋጠሮው ተፈታ፤ ከበፊቱም ጠልቆ ወድቆ ጥበቱ ውስጥ ተቀረቀረ። እናቱ ዞር ብላ ጦጢትን አየቻት።

ጦጢትም እያለቀሰች እሜቴ ኤሊት ጋ በረረች። "እሜቴ፣ አልገባኝም! ለካ ምንም አልገባኝም!"

እሜቴ እንባዋን ጠረጉላት። "እሰይ የኔ ልጅ! እኔም የጀመርኩት ከዚህችው ቃል ነው። በይ ሮጠሽ የሚያውቁትን ጥሪ።"

ወፊቱና አያ ጃርት መጡ፤ መጥተው ግን ተጣሉ። "ልቆፍር!" ይላል እሱ። "አፈሩ ሊቀብረው? መጀመሪያ ልሰር!" ትላለች እሷ። የሁለቱንም ትምህርት የቀመሰች ጦጢት ብቻ ነበረች።

"አያ ጃርት፣ ይናዳል ያልከኝ ቀዩ ይሄ ነው? የማይናደውስ?"

"በዚያ ማዶ ያለው ጥቁሩ ነው።"

"እንግዲያ በጥቁሩ በኩል ቆፍር። አንቺ ደግሞ፣ እሱ ሲቆፍር ግልገሉ እንዳይንሸራተት እሰሪው። ያቺ ሁለተኛዋ ዙር እንዴት ነበረች? አሳዪኝ፣ አብሬሽ እይዛለሁ።"

ጦጢት የዛሬን ግን ትምህርቱን ሳትጨርስ አልሮጠችም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ግልገሉ ወጥቶ እናቱ ጡት ሥር ገባ። ሚዳቋም ልጇን ስትልስ ቆይታ፣ ዞር ብላ የጦጢትን ግንባር ላሰቻት።

"እሜቴ፣ እንደ እርስዎ መሆን ዛሬም ይቻላል?" አለች ጦጢት ወደ አሮጊቷ ተመልሳ።

"ይቻላል ልጄ። ብቻሽን ግን አይደለም።"

ተረቴ አለቀ፤ ያልገባው ይጠይቀኝ። ለዚህ ነው አበው፦

"ገባኝ ያለች ጉድጓድ ሰደደች፤ አስረዱኝ ያለች ከጉድጓድ አወጣች" የሚሉት።