የባሻ ኩምሳ ትንሿ አውሮፕላን እና ያልተነሳው መሰላል

ተረት ልጀምር ነው፤ ጆሮ ያለው ይጠጋ። የተጠጋችሁም ዝም በሉ፤ ይቺ ተረት ጫጫታ አትወድም።

ዱሮ ነው፣ እቃ ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን። ዱሮ ስላችሁ በጣም ዱሮ አይደለም፤ አውሮፕላን ነበረ። አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር መስኮቷ ሁሉ በሚንቀጠቀጥባት አንዲት የሐይቅ ዳር ከተማ፣ ሻምበል ባሻ ኩምሳ የሚባሉ ጡረታ የወጡ የጦር አውሮፕላን መካኒክ ይኖሩ ነበር። ሥራቸው መሬት ላይ ነበር። መሰላሉን ያቆማሉ፣ ፓይለቱን ያሳፍራሉ፣ ቀበቶውን ያጠብቁለታል፣ በመጨረሻም መስታወቱን ከላዩ ዘግተው ሰላምታ ይሰጡታል። መሰላሉን ግን አያነሱም። የመካኒኮቹ ልማድ እንዲያ ነበር፤ የወጣው ተመልሶ እስኪወርድበት ድረስ መሰላል ከቆመበት አይነሳም።

ከፓይለቶቹ አንዱ፣ መቶ አለቃ ይርዳው፣ የወጣ ዕለት መሰላሉ እንደቆመ ቀረ። ይርዳው አልተመለሰም። ስብርባሪ አልተገኘም፣ አስከሬን አልመጣም። ሽማግሌዎች ተሰብስበው «ያየ ሰው አለ?» ብለው ጠየቁ። ያየ አልነበረም። ስለዚህ ለሚስቱ ለእትዬ ውብአለም መርዶ ሳይነገር ቀረ። መርዶ ያልተነገረው ሰው ደግሞ እንዴት ብሎ ያለቅሳል? እትዬ ውብአለም ጥቁር ሳይለብሱ፣ በር በተንኳኳ ቁጥር ብድግ እያሉ አረጁ።

ባሻ ኩምሳም ጡረታ ሲወጡ ያንን መሰላል ለምነው ወሰዱና ቤታቸው ውስጥ ግድግዳ ላይ አስደገፉት። አምፖል ለመቀየር እንኳ አይወጡበትም ነበር። ወንበር ላይ ወንበር ደርበው ሊወድቁ ይንጠራራሉ እንጂ መሰላሉን አይነኩም።

አንድ ቀን እትዬ ውብአለም አስጠሯቸው።

«ባሻ፣ ዐይኔ እየከዳኝ ነው። ሐኪሙ አይመለስም ብሎኛል። ያቺ አውሮፕላን ምን ትመስል ነበር? ፎቶ አንሱልኝ ብላቸው ክልክል ነው አሉኝ። እሱ የተቀመጠባትን አንዴ ሳላይ ዐይኔ እንዳይጠፋ።»

«አሳይዎታለሁ» አሉ ባሻ። ቃል ከወጣ በኋላ ነው ጭንቅ የመጣባቸው።

ገበያ ለገበያ ዞረው፣ ሰው ለጨዋታ የሚገጣጥማትን የፕላስቲክ አውሮፕላን ከነሳጥኗ አገኙ። ዓይነቷ ያው ነበር። ሳጥኑን ሲከፍቱ ክንፍ፣ ጭራና ጎማ በቀጭን የፕላስቲክ ዘንግ ላይ እንደ ፍሬ ተንጠልጥለዋል። ከባቄላ የማይበልጥ ፓይለትም አለ። ሁሉም ያወራሉ፤ እሱ ብቻ ዝም ብሏል።

በመጀመሪያው ቀን አንዲት ድንቢጥ መስኮቱ ላይ አረፈች።

«ባሻ፣ ይፍጠኑ። ዛሬ እትዬ ውብአለም አጥሩን አዩ፤ አጥሩ ላይ ያለሁትን እኔን ግን አላዩኝም።»

ባሻ ክንፎቹን በምላጭ ቆርጠው፣ ጠርዛቸውን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሱ። ክንፎቹም «ባሻ፣ ጎማችንን ወደ ውስጥ ይክተቱና በክር ከጣሪያው ላይ ይስቀሉን። ‹አሁንም ይበራል› ብለው ደስ ይላቸዋል» አሉ።

«ስንት ዘመን ሙሉ ሲበርባቸው ኖረ። አሁንስ ይረፍ» አሉ ባሻ። ጎማዎቹን ወደታች ገጥመው መሬት ላይ አቆሟት።

በሁለተኛው ቀን ድንቢጧ ተመለሰች።

«ይፍጠኑ ባሻ። ዛሬ በሩን አዩ፤ የገባውን ሰው ግን በድምፁ ነው የለዩት።»

ባሻ ቀለሞቹን ደረደሩ። ብርማው ቀለም፣ መቼም ራሱን የሚወድ ነው፣ ከሁሉ ቀድሞ ብድግ አለ። «እኔን ይቀቧት። አዲስ ሆና ታብረቅርቅ። ለደከመ ዐይን የሚታየው የሚያበራ ነገር ነው።»

«እሷ አታበራም ነበር» አሉ ባሻ። «አረንጓዴና ቡናማ ነበረች። ግራ ክንፏ ላይ ደግሞ እኔ የጠገንኩት ጠባሳ ነበራት።» ክርናቸውን ጠረጴዛው ላይ ተክለው በቀጭን ብሩሽ ጠባሳውን ሳይቀር ሳሉት።

በሦስተኛው ቀን ድንቢጧ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ መጣች።

«ባሻ፣ ዛሬ እጃቸውን አዩ፤ ቀለበታቸውን ግን ያወቁት በጣታቸው ዳስሰው ነው።»

የቀረው ፓይለቱና መስታወቱ ብቻ ነበር። የሳጥኑ ሙጫ ደርቋል። ከሱቅ የመጣው ፈጣኑ ሙጫ ግን ይፎክራል። «እኔ ያዝ ሲሉኝ እይዛለሁ፤ ልቀቅ ቢሉኝ አልሰማም።»

ባሻ ፓይለቱን ወንበሩ ላይ አስቀመጡት። ሐሳባቸው መስታወቱን ክፍት አድርጎ መተው ነበር፤ እትዬ ውብአለም እንዲያዩት። እጃቸው ግን ዕድሜ ልኩን የሚያውቀው አንድ ሥራ ነው። ፓይለት ተቀመጠ፣ መስታወት ተዘጋ። ሙጫው ያዘ። ቀኝ እጃቸውም ወደ ግንባራቸው ወጥቶ ሰላምታ ሰጠ።

እጃቸውን ሲያወርዱ መስታወቱ ከውስጥ ነጭ ሆኗል። ፓይለቱ አይታይም።

«ትንፋሼ ነው» አለ ሙጫው፣ ፉከራው ጠፍቶ። «መውጫ ሲያጣ መስታወት ላይ ይቀመጣል።»

ባሻ በጣም ደነገጡ። ቢያላቅቁት ይሰበራል፤ ሌላ ሳጥን እስኪያገኙ የእትዬ ውብአለም ዐይን ይጠፋል።

«ሰማያዊ ይቀቡትና ሰማይ ነው ይበሏቸው» አለ ብርማው ቀለም።

«በጨለማ ያሳዩአቸው፤ አያውቁትም» አሉ ክንፎቹ።

ያን ጊዜ፣ እስከዚያ ዝም ብሎ የነበረው ፓይለት ከነጩ መስታወት ውስጥ ተናገረ።

«ባሻ፣ ይርዳው የወጣ ዕለት በሬዲዮ ምን ሰማህ?»

መሰላሉም ከግድግዳው ሆኖ «ለእኔም ነግሮኝ አያውቅም» አለ።

ባሻ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «‹ደመና ውስጥ ገባሁ፣ ምንም አይታየኝም› ብሎ ነበር። ከዚያ የመጋጨት ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ ወዲያ ምንም። ሽማግሌዎቹ ያየ አለ ብለው ጠየቁ፤ የሰማ አለ አላሉም። እኔም ፈራሁና ዝም አልኩ።»

«እንግዲያው ጭጋጉን አትደብቀው» አለ ትንሹ ፓይለት።

መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው። ባሻ ሁለት ጎረቤቶች አስከትለው ገና ሲነጋ ሄዱ። እትዬ ውብአለም አውሮፕላኗን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግተው አገላበጧት።

«ይቺ ናት?»

«ይቺው ናት።»

«ክንፏ ላይ ምንድነው?»

«ጠባሳ ነው፤ እኔ ነኝ የጠገንኩት።»

«እሱስ?»

«ውስጥ ነው።»

«አይታየኝም። ዐይኔ ነው አይደል?»

«ዐይንዎ አይደለም፣ እትዬ። ጭጋግ ነው። ያን ቀንም ጭጋግ ውስጥ ነበር የገባው። ሲጋጭ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ይርዳው ሞቷል። መስታወቱን የዘጋሁበት እኔ ነኝ፤ እስከዛሬ ያልነገርኩዎትም እኔ ነኝ።»

እትዬ ውብአለም ጣታቸውን በክንፏ ጠባሳ ላይ አሳለፉ። በኋላ «በሬን ሲያንኳኩ ዐይኔን የማያዩኝ ለዚህ ነበር» አሉ። አውሮፕላኗን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። ያን ሁሉ ዘመን በር በር ሲያይ የኖረ ዐይን፣ ሳይጠፋ አለቀሰ።

ጎረቤት ሰማ፣ ዕድር ድንኳን ይዞ መጣ። ገመዱን ከቤቱ ጣሪያ ጠርዝ ላይ የሚያስር ሰው መሰላል አጣ። ባሻ ኩምሳ ምንም ሳይናገሩ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

«ማን ሊወርድብኝ ነው?» አለ መሰላሉ፣ ሲያያቸው።

«ማንም አይወርድብህም።»

«ታዲያ ልነሳ?»

«ተነስ። የይርዳውን ድንኳን ልንተክል ነው።»

ባሻም መሰላሉን በትከሻቸው ተሸክመው ወጡ።

ተረቴ እዚህ አለቀ። መርዶ መደበቅ ሟችን ከሞት አያስቀረውም፤ የቀረውን ሰው ግን ዕድሜውን ሙሉ በር ላይ ያቆመዋል። እኔ ነገርኳችሁ፤ እናንተም የሰማችሁትን፣ ለሚጠብቅ ሰው ንገሩ።