ሳይቀላ የበሰለው ፖም

ስሟ ከሰው አፍ የጠፋ፣ ግንቧ ግን ያልፈረሰ አንዲት ጥንታዊ ከተማ ነበረች። ከግንቧ በታች ሜዳው ሁሉ የፖም ተክል ነው። ሰዎቿ ፖም ማለት ቀይ ነው ብለው ያደጉ ናቸው፤ አባቶቻቸውም ሌላ አላዩም። በዚህች ከተማ ሸህ ጁነይድ የሚባሉ ዐሊም ይኖሩ ነበር፤ አላህ ይዘንላቸው። የተጣላ የሚታረቀው እሳቸው ደጅ ነው፤ የጨነቀው የሚጠይቀው እሳቸውን ነው። «ሸህ ጁነይድ ብለዋል» ከተባለ ክርክር የለም፤ አበቃ።

አንድ ጠዋት ሙዘሚል የሚባል የፍራፍሬ ነጋዴ መስጊዱ በር ላይ ጠበቃቸውና፣ «ሸሆቼ፣ ፖም አረንጓዴ ሳለ አውርዶ መሸጥ እንዴት ይታያል?» አላቸው።

«ያልበሰለውን የበሰለ አስመስሎ መሸጥ ማታለል ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ‹ያታለለን ከእኛ አይደለም› ብለዋል። አይቻልም» አሉት።

መልሱ ልክ ነው፤ አይደል? ተንኮሉ ጥያቄው ላይ ነው። በዚያው ዓመት ሰፊያ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት፣ ከተማው አይቶት የማያውቅ ፖም ይዛ ገበያ ወጥታ ነበር። ባሏ ችግኙን ከሩቅ አገር አምጥቶ ተከለው፤ ፍሬውን ሳያይ ሞተ። ዛፉ ያኔ ገና የመጀመሪያ ፍሬውን አፈራ። ፍሬው አረንጓዴ ነው፤ ሲበስልም አረንጓዴ ነው። የቲም ልጆቿን የምታሳድገው በሱ ነው፤ ሌላ ምንም የላትም። የቀመሰ ሁሉ እየወደደው ሲሄድ ሙዘሚልን ምቀኝነት ያዘው። ምቀኝነት ደግሞ የማያሠራው የለም!

ሙዘሚል የሸሁን ብይን፣ ፈትዋውን ይዞ በቀጥታ ወደ ሙህተሲቡ፣ ማለትም ወደ ገበያው ተቆጣጣሪ ሄደና ሰፊያን ጥሬ ፖም ትሸጣለች ብሎ ከሰሳት። ሙህተሲቡ ቁጡ ሰው ነው፤ ማጣራት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። የሰፊያን ቅርጫት ገለበጠው፤ ፖሙ አቧራ ላይ ተንከባለለ። «ሕዝብ የሚታለልበት ዛፍ አይቆምም። ዛሬ የዐስር ሶላት ሳይሰገድ ይቆረጣል» ብሎ ፈረደ።

ሰፊያ እየሮጠች መስጊድ ደረሰች። ሸሁ ደረሶቻቸውን ሰብስበው ኪታብ እያስቀሩ፣ እያስተማሩ ነበር።

«ሸሆቼ፣ ምን በደልኩዎት?» አለች። «በእርስዎ ቃል የልጆቼን ዛፍ ሊቆርጡት ነው!»

«በእኔ ቃል?»

«ጥሬ ነው ብለዋል አሉ። ጥሬ አይደለም፤ ዓይነቱ ነው። አረንጓዴ ሆኖ ነው የሚበስለው።»

የሸሁ ፊት ተለወጠ። የሙዘሚል ጥያቄ ያኔ ገባቸው። «አስተግፊሩላህ! እንዲህ ያለ ፖም መኖሩንም አላውቅ» አሉና ከዘራቸውን አነሱ።

ትልቁ ደረሳ ከኋላ ደረሰባቸው። «ሸሆቼ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሕዝብ ፊት ፈትዋዎን ሽረው ካነሱ ነገ ማን ይሰማዎታል? ይልቅ ለሙህተሲቡ ሰው ይላኩና ‹ተውበት አድርጋለች፣ ማራት› ይበሉት። ዛፉም ይተርፋል፣ ክብርዎም ይተርፋል።»

ምክሩ ጣፋጭ ነው። ሸይጧን መራራ ነገር ይዞ አይመጣም እኮ! ሸሁ ግን፣ «ሳታጠፋ ከምኑ ነው የምትቶብተው?» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። በዚያ ዕድሜያቸው ቁልቁለቱን እንዴት እንደወረዱት አላህ ነው የሚያውቀው።

ሲደርሱ ሕዝቡ ዛፉን ከቦታል። መጥረቢያው አንዴ አርፎ ቅርፊቱን ልጦታል።

«ቁም!» አሉ ሸሁ።

«የራስዎን ፈትዋ እኮ ነው የምናስፈጽመው!» አለ ሙህተሲቡ።

«እኔ የተናገርኩት ለማውቀው ፖም ነው። ይኼን አላውቀውም። ልወቀው።»

አንዱን ፖም በመዳፋቸው ደግፈው ቀና ቢያደርጉት ሳይታገል እጃቸው ላይ ቀረ። ቢስሚላህ ብለው ገመጡት። ኮመጠጣቸው፤ ዐይናቸው ጭፍን አለ። ሰው ሳቀ።

«አላልኳችሁም? ጥሬ ነው!» አለ ሙህተሲቡ፤ መጥረቢያ ለያዘውም በእጁ ምልክት ሰጠው። ከሸሁ ኋላ የደረሰችው ሰፊያ እዚያው አፈሩ ላይ ቁጭ አለች።

ሸሁ ማላመጣቸውን አላቆሙም። ከኮምጣጣው ኋላ ጣፋጩ መጣ። «ሎሚም ይኮመጥጣል፤ ጥሬ ነው ትሉታላችሁ?» አሉና ቢላ ጠየቁ። ያልበሰለ ፖም ዘሩ ነጭ እንደሆነ፣ ሲበስል እንደሚጠቁር እዚያ ከተማ ልጅ ዐዋቂው ያውቃል። ለሁለት ሰነጠቁት። ዘሩ ጠቁሯል። ግማሹን ለሙህተሲቡ ሰጡት፤ እሱም አላመነም፣ ራሱ ሌላ ቆርጦ ሰነጠቀ። ያም ጠቁሯል። መጥረቢያው ወረደ።

ሸሁ ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «ጀመዓ፣ ስሙኝ። ፖሙ በስሏል። ይህች ሴት ማንንም አላታለለችም። ምን ዓይነት ፖም እንደሆነ ሳልጠይቅ የተናገርኩ እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ፈትዋዬን አንስቻለሁ። ሰፊያ፣ አፉ በይኝ።»

ሙዘሚል ከሰዉ መሃል ቆሟል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። የሸሁ ዐይን አየው፣ አልፎትም ሄደ። እኔ ብሆን ስሙን ጠርቼ ጉዱን አወጣለት ነበር! እሳቸው አንዲት ቃል አልተነፈሱም።

በማግሥቱ ሰፊያ ቅርጫት አጠገብ ገበያ ላይ ተቀመጡ። እሷን እየጠየቁ፣ ከባሏ የሰማችውን ለገዢው ይነግራሉ። «ኮምጣጣ ያልወደደ ጭድ ውስጥ ያቆየው፤ እየቆየ ይጣፍጣል። ከሥጋ ጋር ቢበስል አይፈርስም። ለበሽተኛ ደግሞ ተቀቅሎ ይሰጣል» ይላሉ። ያ ሁሉ ኪታብ ያስቀሩ ዐሊም ፖም ያሻሽጣሉ! ያጉረመረመም ነበር።

ትልቁ ደረሳ አላስችል አለውና፣ «ሸሆቼ፣ ይህን ያህል ራስን ማዋረድ ምን ይሉታል?» አላቸው።

ሸህ ጁነይድም፣ «ልጄ፣ ለእኔ ክብር የየቲም ዛፍ ከሚወድቅ፣ ለየቲም ዛፍ የእኔ ክብር ይውደቅ» አሉት።

ወገኖቼ፣ ሸሁ «ጠያቂው አታለለኝ» ማለት ይችሉ ነበር፤ ውሸትም አይሆንባቸውም። ግን ያን ቢሉ ያ ሁሉ ቁጣ ወደ ሙዘሚል ደጅ ይዞር ነበር፤ እሱም ልጆች አሉት። እኛስ? በወሬ የፈረድንበት ሰው ንጹሕ ሆኖ ሲገኝ «እንዲህ ብለውኝ ነው» እንላለን እንጂ መቼ ደጁ ሄደን አፉ በለን እናውቃለን? ለሐሜት ገበያ መሃል ቆመን፣ ለይቅርታ ጓዳ እንፈልጋለን። በሸሁ ቃል የተፈረደው በአደባባይ ነበርና ያነሱትም በአደባባይ ነው። በዚያ ቀን ከሸሁ ክብር በቀር የወደቀ ነገር አልነበረም፤ እሱንም ያነሳው አላህ ነው።