ከጎንደር ጅማ ስንት ሰዓት ነው?

አንድ ሰውዬ ነበር፣ ጎንደር የሚኖር። ወንድሙ ደግሞ ጅማ። ምእመናን፣ ጎንደር የት፣ ጅማ የት! በአውቶቡስ ሁለት ቀን ያንገላታል።

ይህ ሰውዬ በአባታቸው ተዝካር ላይ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ታናሽ ወንድሙን «አንተ የዚህ ቤት ልጅ አይደለህም!» ብሎ አዋርዶታል። ከዚያ ወዲህ ዓመታት አለፉ፣ አይጠያየቁም። ሰው «ምነው ጅማ ብቅ አትልም?» ሲለው ምን ይላል? «ኧረ ሩቅ ነው! መንገዱ አይቻልም!» ሩቅ ነው!

ታዲያ የወንድሙ ልጅ ልታገባ ሆነ። ታላቅ አጎቷ ሳይመርቃት ልትዳር ነው? ሰውዬው አንጀቱ አልቻለም። የገዛ ልጁ የአውሮፕላን ቲኬት ቆረጠለት። እሱስ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ መጠየቅ የአገራችን ወግ አይደል? ከአባቱ ግቢ አንድ ደህና ድንጋይ መርጦ ሻንጣው ውስጥ ከተተ!

ፍተሻ ላይ ተያዘ። ፈታሿ ድንጋዩን አወጣችው፣ አገላበጠችው።

«አባባ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«የእርቅ ድንጋይ ነው ልጄ።»

«ይዘውት መግባት አይችሉም።»

«ያለሱማ በምን ፊቴ እገባለሁ?»

«ኧረ አባባ! ጅማ ድንጋይ ጠፍቶ ነው?»

እያጉረመረመ ትቶት ገባ። ግድ የለም፣ መንገዱ ረጅም ነው፣ የምናገረውን እዚያው አዘጋጃለሁ አለ በልቡ። «ወንድሜ ሆይ» ብሎ ጀመረ። አዲስ አበባ ደረሱ! አውሮፕላን ቀየረ። እንደገና «ወንድሜ ሆይ…» ሲል አስተናጋጇ «ቀበቶዎን ይሰሩ፣ ልናርፍ ነው» አለችው። እንዴ! ገና አንድ ዓረፍተ ነገር አልጨረሰም እኮ! ያን ሁሉ ዓመት ሩቅ ነው ሲለው የኖረው አገር፣ ለካ ሁለት ሰዓት ገደማ በረራ ነው! ሰውዬው በራሱ አፈረ።

ሰርጉ ቤት ደጃፍ ደረሰ። የሚናገረው የለው፣ ድንጋይ የለው። ዞር ሲል አጥሩ ሥር የቤት መሥሪያ ብሎኬት ተደርድሯል። አንዱን ብድግ አድርጎ ትከሻው ላይ ጫነው። የክት ኮቱ አቧራ በአቧራ ሆነ።

ወንድሙ ከድንኳኑ ብቅ አለ። አየው። እየሮጠ መጣ!

«ጋሼ! አውርደው! ወገብህን!»

«ይቅር ሳትለኝ አላወርድም!»

«እኔ እኮ ያኔ፣ ገና ከጎንደር ሳልወጣ ይቅር ብዬሃለሁ! ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር ይመጣል እያልኩ በር በሩን ሳይ ነው የኖርኩት!»

ሰውዬው እዚያው ተንሰቀሰቀ። ወንድሙ ብሎኬቱን ከትከሻው አወረደለት፣ አንገት ለአንገት ተቃቀፉ። እልልታው ቀለጠ! ሙሽራዋም በአጎቷ እጅ ተመረቀች።

ሰማችሁ ወገኖቼ? ይቅርታው ቀድሞት ነበር! ይሄ ሰው ጅማ ላይ የሚጠብቀው ቁጣ መስሎት ነው ዕድሜውን የፈጀው። እናንተስ? «ሩቅ ነው» የምትሉት ማንን ነው? አንዳንዶቻችሁ እኮ አውሮፕላንም አያስፈልጋችሁም፣ አጥር ለአጥር ነው የምትኖሩት! እግዚአብሔርንስ «ከእኔ ርቋል፣ በምን ፊቴ» አላላችሁም? አልራቀም እኮ! በር በሩን እያየ ነው!

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ቤታችሁ አትግቡ። ወደዚያ ሰው ሂዱ። ምን ልበል ብላችሁ አትጨነቁ፣ ዝም ብላችሁ አንኳኩ!