እሾሃሙ ዓሣና የአጥማጁ ድስት

ተረት ልንገራችሁ፣ እናንተም "እሺ" በሉኝ። ከሩቅ የመጣ እሾሃም ዓሣ፣ ኮራል በሚባለው የባሕር ዐለት ውስጥ የሚኖሩትን ትንንሽ ዓሦች ይለቅማቸው ጀመር። አጥማጁ ይህን ሰምቶ፣ "መደበቂያውን ብቻ አሳዩኝ፤ ዘሩን በልቼ አጠፋላችኋለሁ" አላቸው። ዓሦቹ እልል አሉ።

ሸርጣን ግን አላመነም። "ጌታው፣ ቢጣፍጥዎትስ?" ሲል ጠየቀ።

"ምቀኛ! ደግ ሰው አታስቀይምብን!" ብለው ዓሦቹ ከሰፈራቸው አባረሩት።

ሸርጣን ከሩቅ ድንጋይ ሥር ሆኖ ይጠብቅ ጀመር። አጥማጁ ጠበሰ፣ ቀቀለ፣ ዘመድ ጋበዘ። እሾሃሞቹ አልቀው አንዲት ብቻ ስትቀር፣ እሷም ሆዷ በዕንቁላል ተወጥሮ መረቡ ውስጥ ገባች። አጥማጁ እሾኳ እንዳይሰበር በሁለት እጁ አቅፎ፣ "ሂጂ እናቴ፣ ውለጂልኝ" ብሎ ወደ ኮራሉ መለሳት።

ተረቴ ይኸው ነው። ሸርጣንን ግን እስከ ዛሬ ይቅርታ የጠየቀው የለም።