ልዑሉ ገና የተጫወተ ዕለት

አንዲት ሞግዚት ለዓመታት በሆዷ ይዛው የኖረችው ጥያቄ ነበር፤ ልጅ ሳይጫወት ካደገ ምን ይጎድለዋል?

አስካለ የምትባለው ይህች ሴት የምታሳድገው የንጉሡን ልጅ ነበር። ንጉሡ «ጨዋታ የሥራ ፈት ነው» ስላለ፣ ልዑሉ አፈር ሳይነካ ዳዊት ደገመ፣ ሕግ አጠና። ውጭ ልጆች አኩኩሉ ሲሉ በመስኮት ማየት ቢያበዛ፣ መምህራኑ መስኮቱን አስደፈኑት።

የገና ዕለት ግን ጌታና ሎሌ በአንድ ሜዳ የሚጫወቱበት፣ የተመታም የተሰደበም የማይቀየምበት የቆየ ወግ ነውና፣ ልዑሉ ዱላ ይዞ ወጣ፤ ንጉሡና አስካለም ከሜዳው ዳር ሆነው ያዩ ነበር። የአንዲት ሸክላ ሠሪ ልጅ ቸሬ ኳሷን ከፊቱ ነጥቆ አገባና እንደ ልማዱ ገጠመበት፤

«ዱላው የወርቅ፣ ክንዱ የጨርቅ፤
ልዑላችን ቆሞ ሲደነቅ።»

ሜዳው ሁሉ ሳቀ። የልዑሉ ፊት ነጣ። «እሰሩት፤ ይገረፍ» አለ።

ወታደሮች ሕፃኑን ጠፍረው ያዙት። ንጉሡ ፈገግ አለ። «ልጄ መግዛት ጀመረ።»

ድምፅ አውጥታ የማታውቀው አስካለ ደሟ ፈላ። «መግዛት አይደለም ጃንሆይ። መሸነፍ አያውቅም።»

«ሕግ የሚያውቅ ልጅ ነው።»

«ከብራና ነው ያወቀው። ተራ መጠበቅን፣ ተሸንፎ መሳቅን ብራና አያስተምርም። ቸሬ ስንቴ ተሸንፏል፤ ማንን አሳሰረ? ነገ በዚህ አገር የሳቀ ሁሉ ሊገረፍ ነው?»

«ሴትዮ፣ ምላስሽን ያዢ።»

«ይህን ሁሉ ዓመት ይዤው ነበር። ፍሬው ይኸው።»

ሽማግሌዎቹ «በገና ቂም የለም» እያሉ አጉረመረሙ። ንጉሡ የአባቶቹን ወግ በአደባባይ መሻር ከበደውና «ፍቱት» አለ። የራሱ ፊት ግን አልተፈታም።

ወደ ግቢ ሲመለሱ ልዑሉ ቀሚሷን ጎተተ። «አስክዬ፣ ሰው ከተሸነፈ በኋላ ምን ያደርጋል?»

«እንደገና ይጫወታል።»

ልጁ ይህን የሚነግረው ሰው እስከዚያ ቀን አላገኘም ነበር።

ጨዋታ የትምህርት ዕረፍት አይደለም፤ ልጅ ሰው መሆንን የሚለማመድበት ነው። ፊደል በወጉ ላልለየ ሕፃን የቤት ሥራ አሸክመን፣ ሜዳውን በግንብ ሞልተን «ልጄ ጎበዝ ነው» የምንል እኛስ፣ ማንን እያሳደግን ነው?

አስካለ ወሰነች። በማግሥቱ የተደፈነውን መስኮት አስከፈተች፤ ልዑሉንም እጁን ይዛ ወደ ቸሬ ሰፈር ልትወርድ ወጣች። በር ላይ ዘበኛው ሊያስቆማት ሲል፣ «ንጉሡ ካባረሩኝም» አለችው፣ «ልጁ መጫወት ከቻለ በኋላ ያባርሩኝ።»